ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሲየና፦ በሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ጣሊያን ውስጥ መንዳት

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ባለፈው ሐምሌ ለእረፍት ጣሊያን ሄዱ። የባልየው ታናሽ እህት ከፍራንክፈርት መጥታ ሮም ላይ ተቀላቀለቻቸው። ሐሳባቸው መኪና ተከራይተው በሲየናና በፍሎረንስ በኩል ቦሎኛ መግባት ነበር። እዚያ የሚስትየው ታላቅ ወንድም አለ፤ ጣሊያን ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

እኔ ነገሩን የሰማሁት ከተመለሱ በኋላ ነው። ለመኪና አከራዩ ሊልኩት ያሰቡትን የቅሬታ ደብዳቤ እንድመለከትላቸው ወረቀታቸውን ሁሉ ይዘው መጡ። የኪራይ ውሉን፣ የቅጣት ወረቀቱን፣ ደረሰኞቹን አየሁ። እንድጽፈው ፈቅደዋል። ስም ግን አልጠራም፤ የእነሱንም የአከራዩንም።

ባንኮኒው ላይ

መኪናውን የተረከቡት ሮም፣ ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ነው። ሰባት ሰው የሚይዝ ማኑዋል መኪና ነው። አውቶማቲኩ ዋጋው ይጨምር ነበር። ባልየው ደግሞ መንዳት የተማረው አዲስ አበባ ስለሆነ ፍሪሲዮን አያስፈራውም። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና ክሬዲት ካርድ ጠየቀችው። ማስያዣውን ካርዱ ላይ ያዘች። ታብሌት ላይ አስፈረመችው። ቁልፉን ሰጠችው። በቃ።

ስለ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያነሳ ሰው የለም። ሚስትየው ግን ገና አሜሪካ እያሉ አንስታበት ነበር። የሰጣት መልስ «የኔ'ኮ ሪል አይዲ ነው» የሚል ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ኮከቧ ያለችበትን ካርድ ለማውጣት ስንት ወረቀት ሰብስበን፣ ስንት ሰልፍ ቆመን፣ ከዚያ በኋላ ካርዱ የማይሠራበት ቦታ ያለ አይመስለንም። ሪል አይዲ ግን አሜሪካ ውስጥ የአገር ውስጥ በረራ ለመሳፈርና አንዳንድ የፌደራል ሕንፃዎች ለመግባት የወጣ የመታወቂያ ደረጃ ነው። ውጭ አገር መኪና ከመንዳት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ዱላዋ ስትወጣ

ሲየና ሁለት ሌሊት አደሩ። ከዚያ ወደ ፍሎረንስ ሲሄዱ፣ ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው መንገድ ዳር ፖሊሶች ቆመው ነበር። አንዱ ጫፏ ላይ ቀይና ነጭ ክብ ያላትን ዱላ አውጥቶ አስቆማቸው። ባልየው ፍጥነት አላለፈም። ጣሊያን ውስጥ ፖሊስ ሰነድ ለማየት ብቻም ያስቆማል፣ የተለመደ ነው።

ሊብሬውን ከዳሽቦርድ፣ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ፖሊሱ ካርዱን አገላብጦ አየና ሌላ ወረቀት ጠየቀ። ባልየው የሆነ ነገር እንደጎደለ ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ተደናግጦ ከዋሌቱ ጥግ ጊዜው ያለፈበትን የአዲስ አበባ መንጃ ፈቃዱንም መዝዞ ሰጠ። ሚስትየው ይሄን ስታወራ እስከዛሬ ትስቃለች። ፖሊሱ ግን አልሳቀም። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ይዞ «የትኛው ነው ያንተ?» በሚል ዓይን አየው።

እንግሊዝኛ የሚችለው ባልደረባው መጥቶ አስረዳቸው። የሜሪላንዱ ፈቃድ ችግር የለበትም። የጎደለው አብሮት መያዝ የነበረበት ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም የጣሊያንኛ ትርጉም ነው። ቅጣቱን ጽፎ ሰጠው፤ 408 ዩሮ።

የጣሊያን የመንገድ ሕግ አንቀጽ 135 ይህን ጉዳይ ነው የሚገዛው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወጣ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ጣሊያን ውስጥ ነዋሪ ሆኖ አንድ ዓመት እስካላለፈው ድረስ በዚያው ፈቃድ መንዳት ይችላል። ነገር ግን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም የታወቀ የጣሊያንኛ ትርጉም አብሮ መያዝ አለበት። ካልያዘ ቅጣቱ ከ408 እስከ 1,634 ዩሮ ነው። ስለዚህ የተጻፈበት ዝቅተኛው ነው። ጭራሽ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ሌላ ጥፋት ነው፤ ቅጣቱም ከ5 ሺህ ዩሮ በላይ ይጀምራል። ባልየው የመጀመሪያ ንዴቱ ላይ «መንጃ ፈቃድ እያለኝ እንደሌለው ሰው ቀጡኝ» ይል ነበር። እንደሱ አይደለም። ፖሊሱ ልዩነቱን ጠብቆ ነው የጻፈው።

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዞ ጣሊያን ለጉብኝት የሚሄድ ሰውም በዚሁ አንቀጽ ሥር ነው።

ወረቀቱ ምንድን ነው?

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ፎቶ የተለጠፈበት ትንሽ ደብተር ነው። ፈተና የለውም። ብቻውን አያስነዳም። ሥራው ዋናው ፈቃድህ ላይ ያለውን በተለያዩ ቋንቋዎች ለፖሊስ መናገር ነው። ዋናው ፈቃድ አብሮት ካልተያዘ ደብተሩ ዋጋ የለውም።

መሠረቱ በ1949 ጄኔቭ ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ነው። በ1968 ቪየና ላይ ደግሞ አዲስ ስምምነት ተፈረመ። አሜሪካ ያለችው በ1949ኙ ብቻ ነው። ጣሊያን በሁለቱም አለች። የጄኔቩ ስምምነት አገሮች የሌላውን አገር ሾፌር እንዲያስተናግዱ ያዛል፤ ግን ፈቃዱ ስምምነቱ ካስቀመጠው ሞዴል ጋር የማይመሳሰል ከሆነ ዓለም አቀፉን ደብተር የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ጣሊያን የተጠቀመችው ይህን መብት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደብተሩን ለማውጣት ትሪፕል ኤ (AAA) የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ቢሮ መሄድ በቂ ነው። 20 ዶላር፣ ሁለት የፓስፖርት ፎቶ፣ የሚሠራ መንጃ ፈቃድ። አባል መሆን አያስፈልግም። ሚስትየው ይሄን ስትሰማ ባሏን ያየችበትን አስተያየት አልገልጸውም።

«እህትየውስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እሷ ምንም አያስፈልጋትም። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች አንዱ የሌላውን መንጃ ፈቃድ እንዳለ ይቀበላሉ። የሷ ጀርመን የወጣ ነው። ከኢትዮጵያ ይዛው የሄደችው ፈቃድ ጀርመን ውስጥ ነዋሪ ከሆነች በኋላ ያገለገላት ስድስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ወስዳ ነው ያወጣችው። የጽሑፍ ፈተናው በብዙ የውጭ ቋንቋዎች ይሰጣል፤ አማርኛ ግን የለበትም።

ነገር ግን የሷ ፈቃድ ሁሌም የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱም ነገ ጃፓን ቢሄዱ ነገሩ ይገለበጣል። ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ ስምምነት መሠረት የወጣ ደብተር ነው። ጀርመን ግን የምትሰጠው የ1968ቱን ነው። ቶኪዮ ላይ የወንድሟ የ20 ዶላር ደብተር ይሠራል። የሷ አይሠራም፤ የጀርመን ፈቃዷን በጃፓንኛ አስተርጉማ መያዝ ይኖርባታል። ግሪክ ደግሞ ከ2021 ወዲህ የአሜሪካ ፈቃድ የያዘን ጎብኚ ደብተር አትጠይቅም። ብሪታንያ የየትኛውም አገር መንጃ ፈቃድ ያለው ጎብኚ እስከ 12 ወር ቤተሰብ መኪና እንዲነዳ ትፈቅዳለች። እንዲህ አገር ለአገር የሚለያይ ስለሆነ «እኔ እንትን አገር ነድቼ ማንም አልጠየቀኝም» የሚል የጓደኛ ምክር ለሌላ አገር አይሆንም።

ከፖሊሱ በኋላ ያለው መንገድ

ፖሊሱ መኪናውን አልያዘባቸውም። እህትየው ወዲያው «ጋሼ፣ ቁልፉን ስጠኝ» አለችና መሪውን ያዘች። ሁሉም እፎይ አሉ። ለኔ ግን በዚህ ጉዞ ውስጥ ከሁሉም የሚያሰጋው ያ እስከ ፍሎረንስ የነዱት መንገድ ነው።

ለምን? እህትየው ለፖሊስ ትክክለኛ ሾፌር ናት። በኪራይ ውሉ ላይ ግን ስሟ የለም። ውሉ ላይ ያልተመዘገበ ሰው ከነዳ፣ መኪናው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት የገዙት ሽፋን ይቀራል። ባልየው ደግሞ ውሉ ላይ አለ፣ ሕጉ የሚፈልገው ወረቀት ግን የለውም። መኪናው ውስጥ ሁለት ጥሩ ሾፌሮች ነበሩ። ሁሉንም ወገን የሚያረካ ግን አንድም አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የመንጃ ፈቃድህን ጉዳይ የሚያዩት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ አይደለም። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ የምታየው ፈቃዱ ጊዜው አለማለፉንና ካርዱ ላይ ገንዘብ መኖሩን ነው። ፖሊሱ የሚያየው አገሩ ያወጣውን ሕግ ነው። ኢንሹራንሱ ደግሞ የሚጠይቀው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ሁሉንም ወረቀት አንድ በአንድ ያነባል። የመጀመሪያዋ ዝም ስላለች ሁለቱ ይስማማሉ ማለት አይደለም።

ኢንሹራንሱን ትንሽ ልዘርዝረው። ጣሊያን ውስጥ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ በኪራይ መኪናም ላይ አለ። መንገደኛ ብትገጭ ወይም የሌላ ሰው መኪና ብታበላሽ ኢንሹራንሱ ተጎጂውን ይክሳል። ተጎጂው በሾፌሩ ወረቀት ምክንያት ባዶ እጁን አይቀርም። ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያልቅም። ሾፌሩ የፖሊሲውን ግዴታ ካላሟላ ኢንሹራንሱ የከፈለውን ገንዘብ ዞሮ ከሾፌሩ መጠየቅ ይችላል። ከባድ የአካል ጉዳት ከሆነ ይህ ዕዳ የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። 408 ዩሮ ከዚህ አንጻር የቡና ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ራሱ መኪናው ነው። ባልየው ባንኮኒው ላይ ለግጭትና ለስርቆት ተጨማሪ ሽፋን ገዝቷል። የፈረመውን ውል አብረን አነበብን። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወጣ ፈቃድ ያለው ሾፌር ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም የተረጋገጠ ትርጉም መያዝ አለበት ይላል፤ ሾፌሩ የአገሩን ሕግ ካላከበረ ሽፋኑ እንደሚቀርም ይናገራል። ታብሌት ላይ በጣቱ እየገፋ ያለፈው ገጽ ላይ ነው ያለው። «ክሬዲት ካርዴስ ይሸፍነኝ የለ?» አለኝ። አንዳንድ የአሜሪካ ካርዶች የኪራይ መኪና ሽፋናቸው ጣሊያንን ጭራሽ አይጨምርም። የሚጨምሩትም የኪራይ ውሉ እንዲከበር ይፈልጋሉ።

ደግነቱ ምንም አልተጋጩም።

ፍሎረንስ ላይ

ሆቴል ገብተው ሲረጋጉ የቀረውን እረፍት እንዴት እንደሚጨርሱ መከሩ። ደብተሩን ጣሊያን ውስጥ ማውጣት አይቻልም፤ የሚሰጠው ዋናው ፈቃድ የወጣበት አገር ነው። አሜሪካ ወዳለው ትሪፕል ኤ በፖስታ ማመልከት ይቻላል፣ ግን ሄዶ እስኪመለስ እረፍቱ ያልቃል። ሌላው መንገድ ትርጉም ነው። ተርጓሚው ፍርድ ቤት ቀርቦ ይምላል፣ ወረቀቱ ላይ ቴምብር ይለጠፋል። ለሚኖር ሰው ጥሩ ነው። ለአንድ ሳምንት እንግዳ ግን ተርጓሚ ፍለጋና ቀጠሮ ጥበቃ ነው።

ማታ ላይ ባልየው ስልኩን ሲነካካ ሌላ መፍትሔ አገኘ። «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በ10 ደቂቃ፣ ለ3 ዓመት የሚያገለግል» የሚል ድረ ገጽ። ካርድ ቁጥሩን ሊያስገባ ሲል እህትየው ስልኩን ቀማችው። እንዲህ ያለውን ገጽ ለመለየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በጄኔቩ ስምምነት የሚወጣው የአሜሪካ ደብተር ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ለአሜሪካ ፈቃድ ሦስት ዓመት የሚሸጥልህ ሰው የሚሸጥልህ ሌላ ነገር ነው።

በመጨረሻ በጣም ቀላሉን አደረጉ። ጠዋት ከተማው ውስጥ ያለው የአከራዩ ቢሮ ሄደው እህትየውን ሁለተኛ ሾፌር አድርገው አስመዘገቡ። መንጃ ፈቃዷን ይዛ ራሷ መቅረብ ነበረባት። በየቀኑ የሚታሰብ ተጨማሪ ክፍያ አለው። እዚያም ያለው ሠራተኛ የባልየውን ደብተር አልጠየቀም! ከዚያ ወዲያ ባልየው ተሳፋሪ ሆነ።

ቅጣቱስ? ባልየው ይግባኝ ማለት ፈልጎ ነበር። መብቱ አለ። ወደ ፕሬፌክቱ፣ ማለትም በአካባቢው መንግሥትን ወደሚወክለው ሹም፣ ወይም ትንንሽ ጉዳዮችን ወደሚያየው የሰላም ዳኛ አቤት ማለት ይቻላል፤ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ለሁለቱም 60 ቀን አለ። ቦሎኛ ላለው የሚስቱ ወንድም ደወለለት። «በምን ልትከራከር ነው? ወረቀቱ ነበረህ?» አለው። «አልነበረኝም፣ ግን መኪናውን ሰጥተውኛል።» «እንግዲያው ክፈልና እረፍ።» ምክሩ ትክክል ነው። አከራዩ ቁልፍ መስጠቱ ለዳኛ ክርክር አይሆንም። ለዚህ ዓይነቱ ቅጣት በ5 ቀን ውስጥ የከፈለ ሰው 30 በመቶ ይቀነስለታል፤ ከከፈለ በኋላ ግን ይግባኝ የለም። ፖስታ ቤት ሄዶ 285 ዩሮ ከ60 ሳንቲም ከፈለ። ደረሰኙን አይቼዋለሁ።

ወንድምየው ይህን ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ራሱ ስላለፈበት ነው። እሱ ጣሊያን የሄደው ለእረፍት ሳይሆን ለመኖር ነው። የነዋሪ ነገር ከጎብኚ ይለያል። አንድ ዓመቱ ሲያልቅ ደብተር ቢይዙም አይጠቅምም፤ የጣሊያን ፈቃድ የግድ ነው። ጣሊያን የአንዳንድ አገሮችን ፈቃድ ያለ ፈተና ትቀይራለች። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ ለተራ ነዋሪ አሜሪካም የለችም። ስለዚህ እንደ ጀማሪ ይፈተናሉ። ዛሬ የጽሑፍ ፈተናው 30 ጥያቄ በ20 ደቂቃ ነው፤ ከ3 በላይ የሳተ ይወድቃል። ቋንቋው ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዓመታት የነዳው ሰውዬ መዝገበ ቃላት ይዞ ስለ መንገድ ምልክት ያጠናበትን ክረምት አሁንም ያማርራል።

ደብዳቤው

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ባልየው የፈለገው አከራዩ ቅጣቱን እንዲመልስለት ነው። እኔ ገንዘቡ እንደማይመለስ ነገርኩት። ቢሆንም ጻፍን። «ሠራተኛዋ ሰነዱን ልትጠይቅ ይገባ ነበር፣ ባይኖረን መኪናውን ባልወሰድን» አልን። መልሱ በአሥር መስመር መጣ። የውሉን አንቀጽ ጠቅሰው፣ ፊርማውን ጠቅሰው፣ የአገሩን ሕግ የማወቅ ኃላፊነት የሾፌሩ ነው ብለው፣ በመልካም ምኞት ዘጉት።

በሕግ እነሱ ልክ ናቸው። ግን አላማረኝም። የሜሪላንድ ካርድ በቀን ስንቴ ያያሉ፣ ሕጉንም ያውቃሉ። አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ምን ይከብዳል? ከተጠየቀ ግን ደንበኛው መኪናውን ትቶ ይሄዳል። መልሱ ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ፍሎረንስ መሀል ከተማው በካሜራ የሚጠበቅ ክልል ነው። ፈቃድ የሌለው መኪና በሰዓቱ ከገባ ይቀጣል፤ በየመግቢያው ለየብቻው። ሆቴሉ የመኪናውን ታርጋ ካስመዘገበ ይፈቀዳል። እነሱ ታርጋውን ለሆቴሉ የሰጡት በማግስቱ ነው። መስከረም ላይ አከራዩ የባልየውን ስምና አድራሻ ለፖሊስ ላስተላለፈበት አገልግሎት ብሎ ካርዱ ላይ ገንዘብ ቆረጠ። የነዳችው እህትየው ናት፤ ውሉ ግን በሱ ስም ነው። ቅጣቱ ራሱ ገና አልመጣም። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ለማድረስ የጣሊያን ፖሊስ 360 ቀን አለው። ባልየው የፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ ይከፍታል።